ውሃው ካልሄደ አረንጓዴው አይሄድም

ነሐሴ አጋማሽ ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጥቂት ፋታ በሰጠበት ማለዳ፣ እናቴ ከቤታችን ደጃፍ ተነሥታ ወደ ውጭው በር ስትሄድ በመስኮት አየኋት። አሥራ ሁለት ሜትር የማትሞላ የጠጠር መንገድ ናት። እናቴ ግን ጅረት እንደሚሻገር ሰው፣ በአንድ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሌላው የቀርከሃውን አጥር እየተደገፈች፣ እግሯን ሳታነሣ እየጎተተች ነበር የምትሄደው። ጠጠሩ አረንጓዴ ለብሷል። ዳር ዳሩን ደግሞ የራሰ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይዞታል።

ሮጬ ወጥቼ ክንዷን ያዝኩ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ልጄ፣ በገዛ ደጃፌ እንግዳ ሆንኩ እኮ» አለችኝ።

ያች ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም። ወዳጆቼ፣ ስንቶቻችን ነን በገዛ ደጃፋችን እንግዳ የሆንነው? በገዛ ሥራችን፣ በገዛ ትዳራችን፣ በገዛ ሰውነታችን ውስጥ አጥር እየተደገፍን፣ እንዳንወድቅ እግራችንን እየጎተትን የምንሄደው? ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጠጠር መንገድ ነው። አረንጓዴው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ከነዝርዝሩ እነግራችኋለሁ። እግረ መንገዳችንን ግን እያንዳንዳችን ወደ ራሳችን ደጃፍ ጎራ እንላለን።

ሦስት ጳጉሜን የፋቅሁት መንገድ

መንገዱን ችላ ብዬው አልነበረም። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ጳጉሜን በገባ ቁጥር፣ አካፋና ሻካራ መጥረጊያ ይዤ እነሣበት ነበር። እፍቃለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ በረኪና በባልዲ በጥብጬ እደፋበታለሁ። ለእንቁጣጣሽ መንገዱ ያበራል። ልጃገረዶች አበባና እንግጫ ይዘው ሲገቡ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ አካፋዬን እሰቅላለሁ። በጋው አልፎ ግንቦት ላይ ዝናቡ ይጀምራል። ሰኔ ወጥቶ ሐምሌ ሲጋመስ አረንጓዴው እዚያው የቀድሞ ቦታው ላይ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ።

«ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ይላሉ ወላጆቻችን። እኔ ሦስት ዓመት ውሃ ስወቅጥ ከረምኩ። ከዚያም «የከተማችን የእንጅባራ ዝናብ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል!» ማለት ጀመርኩ። ይህችን አባባል ልብ በሉልኝ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ «ተስፋ ቆረጥኩ» አይልም። «ምን ይደረጋል» ነው የሚለው።

እናቴ ያን በተናገረችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ለሰላምታ ብቅ አሉ። በጉብዝናቸው ዘመን ለብዙ ዓመታት በመንገድ ሥራ ያገለገሉ አዛውንት ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ከበሩ ላይ ቆመው መንገዱን ቁልቁል አዩት፤ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ወደ ቤታችን ጣሪያ አዩ። እኔ ምን ዓይነት መድኃኒት ቢረጭበት እንደሚሻል ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ አረንጓዴውን ለጊዜው ተወው። ውሃው የት ነው የሚሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጠሩን ሳይ ኖሬ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ አንድም ቀን አላየሁም። «መንገድን የሚጎዳው መኪና ብቻ እንዳይመስልህ» አሉኝ፤ «ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃውን ካሳለፍክለት መንገድ ራሱን ያቆያል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቴ የሚደጋገም ችግር ባጋጠመኝ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ውሃው የት ነው የሚሄደው?

የደረቀ ሁሉ የሞተ አይደለም

በመጀመሪያ ከምን ጋር እንደምንታገል እንወቅ። በጠጠርና በድንጋይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ልባስ በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ፣ በብዙዎቻችን አጠራር አልጌ የሚባለው ነው። እንደ ሣር ሥር የለውም። እርጥበት፣ ብርሃንና ጥቂት ማዕድን ካገኘ ድንጋዩ ራሱ አልጋው ነው።

የራሰ ተልባ የሚመስለው ዝልግልግ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሊቃውንቱ ኖስቶክ ይሉታል። የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን ራሱ የሚያዘጋጅ፣ ሳይኖባክቴሪያ ከሚባለው ወገን የሆነ ረቂቅ ሕይወት ነው። በጣታችሁ አንሡት። ሲርስ ወይራማ አረንጓዴ፣ ወፍራምና የሚያሙለጨልጭ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይሸማቀቅና የተቃጠለ ወረቀት የመሰለ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። በታኅሣሥ መንገዱ ላይ ስታዩት ቆሻሻ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይመስላችሁም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ግን ውሃውን መጥጦ ያብጣል፣ ይለመልማል። በዕፅዋት ማከማቻ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ደርቆ የቆየ ኖስቶክ ውሃ ሲያገኝ ሕይወት መዝራቱ ተመዝግቧል።

ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በበጋ ንጹሕ የመሰለኝ መንገድ የነጻ አልነበረም፤ የደረቀ ነበር። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ መጠጥ ሳይቀምስ የሚጾም፣ የፋሲካ ዕለት ማታ ግን ካቆመበት የሚቀጥል ሰው ታውቃላችሁ። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ለመቆጠብ የሚምል፣ ወሩ ሲጋመስ የሚበደርም አለ። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። 55 ቀን የቻለ ሰው ጉልበት እንዳለው አስመስክሯል። የጎደለው ጉልበት አይደለም። ልማዱ ደርቆ ነበር፣ መሬቱ ግን እንደ ቀድሞው ነበር። ዝናቡ ሲመለስ እሱም ተመለሰ።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ስትመለሱ ራሳችሁን አትርገሙ። «እኔ አልለወጥም» አትበሉ። የፋቃችሁት መልኩን ነው፤ ገና መሬቱን አልነካችሁትም። መሬቱን መንካት ደግሞ ይቻላል።

ዝናቡ የጋራ ነው፣ መውረጃው የየራስ

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ዝናቡ ግንቦት ላይ ገብቶ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ደመናው ዝቅ ብሎ ይውላል። ቀርከሃውና ባሕር ዛፉ፣ በአካባቢያችን በሰፊው የተተከለው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍም ጥላቸውን ይጥላሉ። ለአረንጓዴው ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ይሁንና ይህን ሁሉ ቆጥሬ ሳበቃ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ግቢ አሳዩኝ። ያው ደመና ያዘነበበት፣ ያው ጠጠር የለበሰ መንገድ ነበር፤ ግን ግራጫ ሆኖ ኮረኮንቹ ይታያል። ልዩነቱ ከመንገዱ ጎን የተቆፈረች አንዲት ስንዝር ተኩል የምትሆን ቦይ ነበረች።

ዝናቡ የጋራ ነው፣ መውረጃው የየራስ ነው። የኑሮ ውድነቱ በሁላችንም ላይ ይዘንባል። ሐዘኑም፣ ሕመሙም፣ የሰው ወሬውም እንዲሁ። ማን ላይ እንደሚዘንብ የመምረጥ ሥልጣን የለንም፤ የወረደው ውሃ በግቢያችን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚያድር ግን የምንወስነው እኛ ነን። እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

አንድ፦ ለውሃው መንገድ ስጡት

መጀመሪያ አትቆፍሩ፤ መጀመሪያ እዩ። ዝናቡ እንዳባራ ውጡና ውሃ የቋተበትን ቦታ ሁሉ በእንጨት ምልክት አድርጉ። እኔ ይህን ሳደርግ ከሰባቱ ምልክቶቼ አምስቱ የቆሙት ከጣሪያችን ጠፈጠፍ ሥር ነበር።

ሂሳቡን እንሥራው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር ይሆናል። ይህም 90 ጀሪካን መሆኑ ነው። እኔ እንዲህ በዘነበ ቁጥር 90 ጀሪካን ውሃ መንገዴ ላይ እየደፋሁ፣ በዓመት አንድ ቀን በአካፋ እፍቅ ነበር።

አሸንዳ አስገጥሙ። የቆርቆሮው አቅም ከሌለ ወፍራም ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ አንጓው ሲወጣለት ለጊዜው ደህና አሸንዳ ይሆናል፤ በእኛ አገር ቀርከሃ የሚያንሰን አይደለም። ውሃውን ወደ በርሜል ወይም ወደ ጓሮ አትክልት ምሩት። ቀጥሎ በመንገዱ ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቦይ ቆፍሩና ትልልቅ ድንጋይ ሙሉባት፤ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይሄዳል፣ እግርም አይገባባትም። መንገዱን ራሱን መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ አድርጉት። ለአንድ ሜትር ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መዝቀዝቀዝ ይበቃዋል።

በሰውም ላይ የሚታቆር ውሃ አለ። ያልተነገረ ቅሬታ፣ ያልተለቀሰ ሐዘን፣ ከዓመት ዓመት የሚያድር ቂም፣ ሥራ ፈትቶ የሚቋት ጊዜ ሁሉ እንዲሁ ነው። ማታ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ሦስት ሰዓት የምታጠፉ ከሆነ ስልኩን ከመስደብ በፊት ጠይቁ፤ ያ ሦስት ሰዓት ሌላ የሚሄድበት ቦይ አለው ወይ? ለዚያ ሰዓት ቦይ ካልቆፈራችሁለት ዝቅ ብሎ ባገኘው ጉድጓድ ይተኛል። አንድ መጽሐፍ ትራሳችሁ ላይ አስቀምጡ። ከወንድማችሁ ጋር የእግር ጉዞ ተቃጠሩ። ቅሬታ ካለባችሁ ሰውየውን ቡና ጋብዙና ተናገሩት። ውሃ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መሄጃ ሲያጣ ነው የሚሸተው።

ሁለት፦ ብርሃንና ነፋስ አስገቡ

አልጌ ራሱ ብርሃን ይፈልጋል፤ መንገዱን ያለማቋረጥ የሚያረጥበው ግን ጥላው ነው። የረፋድ ፀሐይ ለሁለት ሰዓት የሚያገኘው ጠጠርና ቀኑን ሙሉ በቅርንጫፍ የተሸፈነው ጠጠር አንድ አይደሉም። ወደ መንገዱ ያጎነበሰውን ቀርከሃ ቁረጡ፣ የዛፎቹን የታች ቅርንጫፍ ግረዙ። ዛፉን ከሥሩ መጣል አያስፈልግም። ከእኛ አጠገብ ያለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ዲከረንስ ተክለው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጡታል፣ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ጊዜውን ጠብቆ የሚቆርጥ ሰው ዛፉን ስለጠላ አይደለም፤ ለመሬቱ ስላሰበ ነው።

እኔ የእናቴን የሬት ተክልና ጽጌረዳ ሳልነካ፣ ከአጥሩ ወደ ውስጥ የገባውን ቀርከሃ ብቻ ቆረጥኩ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ መንገዱ መሐል ስታርፍ አየሁ። ያን ቦታ ፀሐይ ሲነካው አይቼ አላውቅም ነበር።

እናንተም የምትደብቁትን አንድ ነገር አስቡ። ዕዳ ሊሆን ይችላል፣ ሱስ ሊሆን ይችላል፣ ማንበብ የከበደው ልጃችሁ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለአደባባይ አውጡት አልላችሁም። ለአንድ ለምታምኑት ሰው ብቻ፣ ለንስሐ አባት፣ ለእኅት ወይም ለባልንጀራ ንገሩት። አንዲት ቅርንጫፍ ስትነሣ የሚገባው ብርሃን ብዙ ነው።

ሦስት፦ ጠጠሩን ገልብጡት

ጠጠር ሲነጠፍ ውሃ ቁልቁል የሚያልፍበት ክፍተት አለው። ዓመታት ሲያልፉ ግን አፈሩ፣ የበሰበሰው ቅጠልና ከጫማ የሚራገፈው ጭቃ ክፍተቱን ይሞላዋል። የዲከረንስ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ያኔ መንገዱ ከላይ ጠጠር፣ ከውስጥ ግን የተደለደለ አፈር ነው። ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል፣ አረንጓዴውም አልጋውን ያነጥፋል።

ይህ ሥራ የደረቅ ወቅት ሥራ ነው። ጥቅምት አልቆ ፀሐይዋ ስትጠነክር፣ በመጀመሪያ የደረቀውን ቅርፊት በመጥረጊያ ሰብስባችሁ በጆንያ አውጡት፤ ሲርስ ያሙለጨልጫል፣ ሲደርቅ ግን በቀላሉ ይነሣል። ከመንገዱ አርቃችሁ ከፍግ ጋር ቅበሩት። ከዚያ ባለ ጥርስ ብረት ወይም መኮትኮቻ ይዛችሁ ጠጠሩን ከሥር ወደ ላይ ገልብጡት። በጣም ከተደለደለ ወደ ጎን ዝቃችሁ በወንፊት ንፉት፤ አፈሩ ለጓሮ፣ ጠጠሩ ለመንገድ ይመለሳል። የጎደለውን ግንበኞች 02 በሚሉት ጠጠር ሙሉት፤ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ቀዩ ገረጋንቲ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ውሃ ይይዛል፤ ጥላ ለሆነ ቦታ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ይሻላል።

እኛ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የጎረቤት ልጆች ወንፊቱን ያዙልን፣ እናቴ ቡና አፈላች። መሐል ላይ ስንደርስ ከጠጠሩ ሥር ሦስት ጣት የሚሞላ ጥቁር አፈር አገኘን። በየዓመቱ ከላይ የምፍቀው አረንጓዴ የተኛበት ፍራሽ ያ ነበር።

ሕይወትንም አልፎ አልፎ ከሥር ወደ ላይ መገልበጥ ደግ ነው። በዓመት አንድ ቀን ወረቀትና ብዕር ይዛችሁ ተቀመጡ። ጊዜዬ የት ይሄዳል? ገንዘቤስ? ከማን ጋር ስውል ነው ልቤ የሚቀለው? ትናንት ጠቃሚ የነበረ፣ ዛሬ ግን ክፍተቴን የደፈነ ነገር ምንድን ነው? ክፍተት ያለው ሰው ነገር ያሳልፋል። የተደለደለ ሰው ላይ ግን አንዲት ክፉ ቃል ስትወድቅ ሳምንት ትተኛለች።

አራት፦ የምትቀልቡትን ዕወቁ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ታጥቦ ሲያልቅ የሳሙናውን እጣቢ የት ትደፉታላችሁ? እኛ መንገዱ ላይ ነበር የምንደፋው፤ አቧራውን ያበርድልን ብለን። ለጎመኑ የተበተነው ማዳበሪያም ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ኖስቶክ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለራሱ ያዘጋጃል፤ ፎስፈረስ ግን ከውጭ ይፈልጋል። ማዳበሪያውና አንዳንዱ የማጠቢያ ዱቄት ያንኑ ያመጡለታል። በአንድ እጃችን እየፋቅን በሌላው ስንቀልበው ኖረናል።

ይህ የእኛ ግቢ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ሐይቅን መውረሩ ታወቀ። ሕዝቡ ዝም አላለም። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከሩቅ ከተማ የመጣው ወጣት ሁሉ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ያን ፍቅርና ያን ትጋት ያየ ሰው በወገኑ ይኮራል። ነገር ግን የአረሙ ዘር በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከእርሻ የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽም ወደ ሐይቁ መግባቱን አላቆመም። ከሰከላ ተነሥቶ ከዳንግላ በኩል የሚመጣውን ውሃ ጨምሮ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ የእኛንም ማሳ አፈር ይሸከማል። ሐይቁ ዳር የሚነቅለው ወንድማችን ከላይ እርከን የሚሠራው ወንድማችን ካልታከለበት ብቻውን ነው። ነቃዩ ያስፈልገናል፣ የላዩን የሚጠብቀውም ያስፈልገናል።

ስለዚህ እጣቢውን ሌላ ቦታ ድፉ፣ ማዳበሪያውን ከመንገዱ አርቁ፣ የወደቀውን ቅጠል ሳይበሰብስ ጥረጉ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ልተወው የምፈልገውን ነገር በምን እየቀለብኩት ነው? ቁጣዬን ከሚያራግብ ወዳጅ ጋር በየቀኑ ምሳ እበላለሁን? እንቅልፍ አጥቼ እያደርኩ ትዕግሥት የለኝም እላለሁን? ቀለቡን ያቋረጠ ሰው ግማሹን ትግል ያለ ውጊያ አሸንፏል።

አምስት፦ በአንድ ሌሊት ተአምር አትመኑ

«አንድ ጊዜ ረጭተህ ተገላገል» የሚል ምክር አይጠፋም። ጨው የሚነሰንስ አለ፤ ጨው ግን አፈሩን ያበላሻል፣ የጽጌረዳዋን ሥር ይገድላል። ፀረ አረም የሚረጭ አለ፤ ይህ ሣሩን ገድሎ ባዶ መሬት ስለሚተውለት ለኖስቶክ ጭራሽ ቦታ ይለቅለታል። በረኪና ለጊዜው ያነጣል፣ ታጥቦ ሲወርድ ግን አትክልትንም ውሃንም ይጎዳል። በተለይ ይህን አደራ፦ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ለደጃፍ ደረጃና ለጥቂት ድንጋይ የፈላ ውሃ ይበቃል። ልጆችን አርቁ፣ እግራችሁን ጠብቁ፣ በቀስታ አፍስሱና በሻካራ መጥረጊያ ፈትጉት። እሱም ቢሆን ከቦይዋና ከፀሐይዋ ጋር ካልሆነ ብቻውን አይዘልቅም።

«በሰባት ቀን ሕይወታችሁን እለውጣለሁ» ለሚል ሰውም መልሴ ይኸው ነው። ፈጥኖ የሚያነጣ ነገር ሁሉ መሬቱን አይለውጥም። ሳትቸኩሉ ቦያችሁን ቆፍሩ።

ስድስት፦ ጥር 22 ሌሊት የሚሠራ ፈረስ የለም

በእኛ አገር ሳይቸኩሉ ለመሥራት ትልቅ አስተማሪ አለን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ የፈረሰኞቹ በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል። አባቶቻችን ዓድዋ ድረስ የተቀመጡባቸውን ፈረሶች የሚዘክር በዓል ነው። ያን ቀን እንጅባራ ላይ የተሸለሙ ፈረሶች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ያየ ሰው ልቡ ይሞላል። ግን የፈረስ ባለቤትን ጠይቁ። ጥር 23 የሚያምር ፈረስ ጥር 22 ሌሊት አይሠራም። ክረምቱን ሙሉ ከጭቃ ወጥቶ ደረቅ ቦታ አድሯል፣ ኮቴው ተጠርጓል፣ ገብሱን በሰዓቱ በልቷል፣ በየጊዜውም ተሠግሯል። እኛ የምናየው የአንድ ቀን ግልቢያ ነው፤ ባለቤቱ ግን የዓመቱን ማለዳ ሁሉ ያስታውሳል።

የመንገዱም ነገር እንደዚያው ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ቅጠሉን ጥረጉ፣ ጠጠሩን በባለ ጥርሱ ብረት ነካ ነካ አድርጉ፣ ቦይዋን እዩ። የተነካካ ጠጠር ላይ አረንጓዴው ተደላድሎ አይተኛም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። አሥር ደቂቃው ሲበዛባችሁ አምስት አድርጉት፤ ሳምንቱን ግን አትዝለሉ።

አረንጓዴውን አትጥሉት

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ቢሾፍቱ አካባቢ አረንጓዴ ሐይቅ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ስሙን ያገኘበትን ቀለም የሚሰጡት ስፒሩሊና የሚባሉት ረቂቃን ናቸው፤ እነሱም እንደ ኖስቶክ ከሳይኖባክቴሪያ ወገን ናቸው። እናቴን ደጃፏ ላይ ያንሸራተታት ነገር ዘመድ፣ እዚያ የፍላሚንጎ ምግብ ነው። የምንተነፍሰውን ኦክስጅን መጀመሪያ ለዚህች ምድር ያበረከቱት የእነዚሁ ረቂቃን አያቶች ናቸው።

ስለዚህ አረንጓዴው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያለቦታው ነው የበቀለው። እናንተም ውስጥ ያለው ኃይል እንዲሁ ነው። ግትር የሚሏችሁ ከሆነ ያ ግትርነት ቦታውን ሲያገኝ ጽናት ይባላል። ወሬ ታበዛለህ፣ ታበዢያለሽ የተባለ ሰው ነገ መምህር ወይም አስታራቂ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁን ስታጸዱ ራሳችሁን አትጥሉ። ቦታ ቀይሩለት እንጂ።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ማለዳ ላይ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። አረንጓዴ የለበሰ ጠጠር ድምፅ የለውም፤ ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በመስኮት አየሁ። ከአጥሩ ጥግ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት አንድ ክንድ በምትሆን ቦታ፣ ጥቂት አረንጓዴ አለች፤ ቅዳሜ አያታለሁ። የቀረው መንገድ ግራጫ ነው። በቦይዋ ውስጥ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እያጉረመረመ ይወርዳል።

እናቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ አስተካክላ፣ አጥሩን ሳትነካ፣ እግሯን እያነሣች ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ ሰዓቷ ነው።

ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ማግሥት ወደ ደጃፋችሁ ውጡ። አካፋውን ለጊዜው ተዉት። ቁሙና ውሃው የት እንደሚሄድ እዩ።